ማስታወሻችሁን ለአንድ ሰው ጻፉት

የግል ማስታወሻ ጀምራችሁ «ይሄን ሁሉ ለምን እጽፋለሁ?» እያላችሁ የምትተዉት ከሆነ፣ ገጹን በአንድ ሰው ስም ጀምሩት። ለምሳሌ ደሴ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከደሴ ከወጣ የቆየ ጓደኛ ይሁን። ጽሑፉን መላክ አያስፈልግም። አንባቢው ከታወቀ ምን እንደሚጻፍ መምረጥ ይቀላል። «ዛሬ ብርድ ነበር» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ለጓደኛችሁ ግን የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ እንደዋለ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጃኬታችሁን እንዳወለቃችሁ ትነግሩታላችሁ። (ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም።) ከዓመታት በኋላ ስታነቡት የምትፈልጉትም ይሄንኑ ነው።

በተናደዳችሁ ቀን ግን ይቅር። ሰው ያነበዋል ብሎ የሚጽፍ ራሱን ማሳመሩ አይቀርም። ያን ቀን ስም ሳትጽፉ የሆዳችሁን ዘርግፉት።