የጠረጴዛ ራነር በኩዊልት ስፌት እንዴት ይሰራል

ትራስ ልብስ ወይም ቀላል ቦርሳ ሰፍታችሁ ታውቃላችሁ እንበል። ቀጥ ያለ መስመር መስፋት አያስቸግራችሁም። ቀጥሎ ምን ልስራ ለሚል ሰው የእኔ መልስ የጠረጴዛ ራነር ነው፣ ማለትም ጠረጴዛ መሃል ላይ በቁመት የሚነጠፍ ጠባብ ጨርቅ። በአንዴ የአልጋ ልብስ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ይሰለቻል። ጨርቁም በትንሽ የስፌት መኪና ክንድ ስር አላልፍ ይላል። ራነር ጠባብ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ግን የኩዊልት፣ ማለትም የተገጣጠመ ጨርቅን ከመሃል ድርብና ከገበር ጋር አብሮ የመስፋት፣ ሙያ የሚጠይቀው ሁሉ አለበት፦ ቁርጥራጭ መግጠም፣ ሶስት ድርብ አድርጎ መስፋት፣ ጠርዝ ማልበስ። ቡፌው ላይ ለዓመታት የኖረውን ዳንቴል ለማሳረፍም ጥሩ ሰበብ ነው።

የምንሰራው 36 ሴንቲ ወርድና 180 ሴንቲ ርዝመት ያለው ነው። 150 ሴንቲ ርዝመት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲነጠፍ በየጫፉ 15 ሴንቲ ይንጠለጠላል። ንድፉ ቀላል ነው፦ ሲያልቅ 12 ሴንቲ በ12 ሴንቲ የሚሆኑ 45 ካሬዎች፣ በሶስት በሶስት የተገጠሙ 15 ረድፎች። ጠረጴዛችሁ አጠር ካለ ረድፍ ቀንሱ።

ጨርቅ

ጥጥ ብቻ ግዙ። ፖሊስተር እጥፉን አይዝም፣ ካውያ ሲግል ይኮማተራል፣ መርፌ ስርም ይንሸራተታል። ሻጩ "ጥጥ ነው" ካላችሁ ከጫፉ ጥቂት ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ሲነኩት የሚበተን አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለውም በዚሁ ይጋለጣል።

አዲስ ጨርቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። ሰልባጅ ተራ የወንድ የጥጥ ሸሚዝ ፈልጉ፤ ከትልቅ ሸሚዝ ጀርባ ብቻ ከአስር በላይ ካሬ ይወጣል። የሰፈር ልብስ ሰፊም ቁርጥራጩን የሚጥለው ቦታ አጥቶ ነው፣ ብትጠይቁት ደስ ይለዋል። "ድሪቶ ልትሰሪ ነው?" የሚል ዘመድ አይጠፋም። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። የመንደሯ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የስራ ልብስ ሳይቀር እየቆረጡ የሰሯቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ሂዩስተን በሚገኘው የጥበብ ሙዚየም ተሰቅለዋል፣ በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። ለዘመዱ ይህን ንገሩት።

አዲስ ከገዛችሁ 110 ሴንቲ ወርድ ካለው ጨርቅ ለካሬዎቹ በድምሩ አንድ ሜትር ይበቃል። ከአራት እስከ አምስት ቀለም ምረጡ፤ ደማቅና ፈዛዛው ተራርቆ ይታይ። ጨርቆቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በስልካችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው። ፎቶው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ካሬዎቹ ከሩቅ አይለዩም፣ አንዱን ቀይሩ።

ለገበር አቡጀዴ እወዳለሁ። ርካሽ ነው፣ መኪና ውስጥ አይንሸራተትም። ለመሃሉ ድርብ የኩዊልት ጥጥ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ መልካም፣ ከሌለ ያረጀ ጋቢ ይበቃል። ከአራቱ ድርብ ሁለቱን ለይታችሁ ተጠቀሙ። የትራስ ፋይበር አታስገቡ። ይወፍርና ብርጭቆ አይቆምበትም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም እጠቡ፣ አድርቁ፣ ተኩሱ። አቡጀዴ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ደግሞ ቀለም ይለቃሉ። እርጥቡን ጨርቅ በነጭ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ስታሹት ነጩ ላይ ቀለም ከመጣ፣ መልቀቁን እስኪያቆም ደጋግማችሁ እጠቡት። ካላቆመ ለሌላ ስራ አስቀምጡት።

መቁረጥ

ካሬዎቹ ሲቆረጡ 13.2 ሴንቲ በ13.2 ሴንቲ ናቸው። በየጎኑ 6 ሚሊ ለስፌት ይሄዳል። በዚህ ልክ አንድ መለኪያ ቁረጡ። ካርቶን ደጋግመው ሲስሉበት ማዕዘኑ ይበላል፤ የድሮ ራጅ ፊልም ግን አይበላም፣ ጨርቁንም አሳልፎ ያሳያል። በስስ የሳሙና ስባሪ ወይም በተቀረጸ ጠመኔ ዙሪያውን ስሉና በተሳለ መቀስ ቁረጡ። የካሬው ጎን ከጨርቁ ክር ጋር አብሮ ይሂድ። ሰያፍ የተቆረጠ ካሬ ስትሰፉት ይለጠጣል።

የሚሽከረከረው የጨርቅ መቁረጫና ከስሩ የሚነጠፈው ምንጣፍ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ያለው ይጠቀም። ለ45 ካሬ ብሎ ግን ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ገንዘባችሁን ጥሩ መቀስ ላይ አውሉት፣ ወረቀት የሚቆርጥበትን ሰውም ከቤት አስወጡ።

ካሬዎቹን ወለል ላይ ደርድሩ፣ ሲያምራችሁ ፎቶ አንሱ፣ በየረድፉ ከምራችሁ ቁጥር ለጥፉበት። መብራት ሲጠፋ የሚሰራ ስራ ይሄ ነው።

ስድስት ሚሊዋ

የራነሩ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። ልብስ ስትሰፉ ስፌቱ አንድ ሁለት ሚሊ ቢያልፍ ማንም አያውቅም። እዚህ ይደመራል። ከ6 ሚሊ ይልቅ 8 ሚሊ ገብታችሁ ከሰፋችሁ እያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ጨርቅ ሁለት ሁለት ሚሊ፣ በድምሩ አራት ሚሊ ይበላል። ረድፎቹን የሚያያይዙት ስፌቶች 14 ናቸው። 14 ጊዜ አራት ሚሊ 5.6 ሴንቲ ነው። ማጠሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሁሌ እኩል ስለማትስቱ ግን አንዱ ረድፍ 36፣ ሌላው 35 ተኩል ይወጣል፣ ማዕዘኖቹም አይገናኙም።

ስለዚህ መጀመሪያ መኪናችሁን ለኩ። ማስመሪያ መርፌው ስር አስገቡና የመኪናውን ጎማ በእጃችሁ እያዞራችሁ መርፌውን 6 ሚሊ ምልክቱ ላይ አውርዱት። የማስመሪያው ጠርዝ ባረፈበት መስመር ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፉ። አንድ አይበቃም፤ አራት አምስቱን ደራርቡ። ትንሽ ግድግዳ ይሆናል፣ ጨርቁ እሱን እየታከከ ይሄዳል። ዓይናችሁ መርፌው ላይ ሳይሆን ፕላስተሩ ላይ ይሁን። መርፌውን የሚያይ ሰው ይጣመማል።

አሁን ፈትኑ። 5 ሴንቲ ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥማችሁ ስፉ፣ ተኩሱ፣ ለኩ። 8.8 ሴንቲ መሆን አለበት። 8.6 ከሆነ ስፌታችሁ ሰፍቷል፣ ፕላስተሩን ወደ መርፌው ጠጋ አድርጉ። ብዙውን ጊዜ መስመሩ ከ6 ሚሊ በአንድ ክር ያህል ማነስ አለበት፣ ምክንያቱም ጨርቁ ሲታጠፍ እጥፉ ራሱ ትንሽ ቦታ ይወስዳል። ልኩ እስኪመጣ ድረስ ካሬዎቹን አትንኩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከመተርተር ይሻላል።

ከዚያ ስፌቱ ይፈጥናል። የየረድፉን አንደኛና ሁለተኛ ካሬ ገጥማችሁ ስፉ፣ ክሩን ሳትቆርጡ ቀጣዩን ጥንድ አስከትሉ። ክርም ጊዜም ይተርፋል። ሲያልቅ በጣጥሱና ሶስተኛውን ካሬ ጨምሩ።

ካውያ

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ካውያውን አንሱና አስቀምጡ እንጂ አትጎትቱት። ሸሚዝ እንደምንተኩሰው ወዲያ ወዲህ ካልነው ጨርቁ ይለጠጥና ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከጀርባ ያለውን የስፌት ትርፍ አትክፈቱት፤ ወደ አንድ ጎን አስተኙት። 1ኛ ረድፍ ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ 2ኛው ላይ ሁሉም ወደ ግራ፣ 3ኛው ላይ እንደገና ወደ ቀኝ።

ጥቅሙ ረድፍ ከረድፍ ስትገጥሙ ይታያል። ሁለቱን ረድፎች ፊት ለፊት ስታደርጉ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጉብታ ጎን ገብቶ ይቆማል። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣታችሁ መካከል ያዙትና ገፋ ገፋ አድርጉት። ሲገጥም መሃሉ ላይ ወፍራም ነገር መሰማቱን ያቆማል። እዚያው ላይ ስፒል ውጉ፣ በቀስታ ስፉ፣ መርፌው ሊደርስ ሲል ስፒሉን ንቀሉ። ስፒል ላይ የረገጠ መርፌ ይሰበራል፣ ስባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባም ይችላል።

በየረድፉ መገጣጠሚያው ሁለት ብቻ ነው። ሶስት ረዣዥም መስመሮች ሰፍቶ በቁመት ማያያዝ አቋራጭ ይመስላል። በአንድ ስፌት ላይ 14 መገጣጠሚያ ስለሚገጥማችሁ ተዉት።

ሶስቱን ድርብ መስፋት

ገበሩንም መሃሉንም ከላይኛው በየጎኑ 5 ሴንቲ አስበልጡ። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ወለል ላይ ዘርጉ፣ ሳትወጥሩት ጠርዙን በፕላስተር ያዙት። መሃሉን አንጥፉበት፣ ከላይ የሰፋችሁትን ፊቱን ወደ ላይ አድርጉ። ከመሃል ጀምራችሁ በየመዳፍ ርቀት መርፌ ቁልፍ ውጉ። የሚረጭ ሙጫ የሚወድ አለ። እኔ ሽታውንም ዋጋውንም አልወድም።

14 ቁጥር መርፌ አድርጉ፣ የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ላይ አድርሱ። ብዙ ሰው ስፌቱ የካሬዎቹ መገጣጠሚያ መስመር ውስጥ ተደብቆ እንዲሄድ ይመክራል። ለጀማሪ አይሆንም፤ ትንሽ ከወጣ ወዲያው ያስታውቃል። ከመገጣጠሚያው 6 ሚሊ ራቅ ብላችሁ በግራና በቀኙ ስፉ። ዞር ጠመም ቢል እንኳ የተፈለገ ይመስላል። መጀመሪያ መሃለኛውን ስፉ፣ ከዚያ ወደ ዳር። ከዳር ከጀመራችሁ ትርፉ ጨርቅ መሃል ላይ ይጠራቀምና ይሸበሸባል። በመስመሮች መካከል ከመዳፍ የሰፋ ባዶ ቦታ አትተዉ። ሲታጠብ መሃሉ ይንሸራተታል።

ተራ መኪና ከስር ብቻ ስለሚጎትት የላይኛው ጨርቅ ወደኋላ ይቀራል። ከላይም የሚጎትት እግር ለመኪናችሁ ከተገኘ ግዙት፤ ከሁሉም ትርፍ ዕቃ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነው። ካልተገኘ ቁልፎቹን አቀራርቡ፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ በሉ። ጥልፍ የምትችሉ ደግሞ መኪናውን ተዉትና በጥልፍ ክር በእጅ ስፉት። እንዲያውም ያምራል።

ጠርዝ

ከላይኛው ጨርቅ ያለፈውን ገበርና መሃል በልኩ ቁረጡ። 6 ሴንቲ ወርድ ያላቸው ጥብጣቦች አዘጋጁ። 110 ሴንቲ ወርድ ካለው ጨርቅ አምስት ይበቃል፣ ማለትም 30 ሴንቲ ጨርቅ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰያፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ጥብጣቦቹን ስታቀጥሉ ግን መገጣጠሚያውን ሰያፍ አድርጉት፤ ውፍረቱ አንድ ቦታ አይከመርም። በቁመቱ ለሁለት አጥፋችሁ ተኩሱት።

ክፍት ጠርዙን ከራነሩ ፊት ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ ከአንዱ ጎን መሃል ስፌት ጀምሩ። መጀመሪያው ላይ ለማቀጠያ አንድ ስንዝር ሳትሰፉ ተዉ። ማዕዘኑ 6 ሚሊ ሲቀረው ቁሙ፣ ወደኋላ ሁለት ሶስት ስፌት መልሱ፣ ክሩን ቁረጡ። ጥብጣቡን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ እጠፉት፤ ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ እጥፍ ይሰራል። ያንን በጣት ይዛችሁ ጥብጣቡን በሚቀጥለው ጎን ወደ ታች መልሱት። የላይኛው እጥፍ ካለፋችሁት ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጫፍ ጀምራችሁ ቀጥሉ። 6 ሚሊዋን ረስቶ እስከ ጫፍ የሰፋ ሰው ማዕዘኑ ድቡልቡል ይሆንበታል፣ መፍትሄው መተርተር ብቻ ነው። አራቱም ካለቁ የጥብጣቡን ሁለት ጫፎች አገናኙ።

ጥብጣቡን ወደ ጀርባ ገልብጡና ገበሩ ላይ በእጅ ቀምቅሙ። መርፌው ገበሩንና መሃሉን ብቻ ይያዝ፣ ወደ ፊት አይውጣ። በመኪናም ይቻላል ይላሉ፤ ከፊት ለፊት ሲታይ አያምርም።

ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ አትጠምዝዙት፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። የወጥ ዘይት ከነካው ቶሎ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሹት። እድፉ ሳይለቅ ካውያ አታሳርፉበት፣ ሙቀቱ እዚያው ያስቀረዋል።