ከድሬ እስከ ባቢሌ፦ ፎቶው ለምን ተበላሸ?

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐረር ባቢሌ ደግሞ 30 ቢሆን ነው። መንገዱ አጭር ይመስላል፣ ግን ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 2,000 አካባቢ ደርሶ ባቢሌ ላይ እንደገና ወደ ቆላው ስለሚወርድ ሙቀቱም ብርሃኑም ወፉም በአንድ ቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ስልክ ወይም ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው ግን ማታ ሲያየው ያገኘው ብዥ ያለ ግራር፣ የጠቆረ ጭልፊትና መስታወት ላይ ያረፈ የራሱን ፊት ነው። ከዚያ "አዲስ ሌንስ ልግዛ" ይመጣል። ቆዩ፣ አትግዙ። መጀመሪያ ፎቶውን አስፍታችሁ እዩና ከታች ካሉት ምልክቶች የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ከመኪና ላይ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ አለ

ብዥታ ሁሉ አንድ አይደለም። የመንገድ ዳሩ ቁልቋል ብቻ እንደ ተሳበ ቀለም ተላግቶ ተራራው ጥርት ካለ ጥፋቱ የመኪናው ፍጥነት ነው። ቅርቡም ሩቁም እኩል ብዥ ካለ ንዝረት ነው። መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ ጥርት ብሎ ውጪው ከጠፋ ደግሞ ፎከሱ መስታወቱን ይዟል።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹተሩ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ላይ ከሆነ ካሜራው ተከፍቶ እስኪዘጋ 17 ሴንቲ ሜትር ሄዳችኋል ማለት ነው፤ 1/2000 ላይ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ሹተሩን 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ይጨምር ተዉት፣ ትንሽ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ፎቶ ከተላገ ፎቶ ይሻላል። ስልክ ላይ "ፕሮ" የሚል ካለ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ከሌለ በጎን ያለውን አትከተሉ፣ ወደፊት ሰያፍ አድርጋችሁ ከርቀት ያለውን አንሱ፤ ፊት ለፊት ያለ ነገር ከጎን ካለው ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው። ደንገጎ ላይ ደግሞ የጫነ ሲኖትራክ ከፊት ካለ ሁሉም እየዳኸ ስለሚወጣ ሌላው ተሳፋሪ ሲነጫነጭ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ። ሹፌሩን ግን ኩርባ ላይ "አንዴ አቁምልኝ" አትበሉት።

ንዝረት ከሆነ ክርናችሁን ከበሩና ከመስታወቱ አላቁ። ብዙ ሰው ካሜራው እንዲረጋ ብሎ መስኮቱ ላይ ያስደግፈዋል፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ግን የሚመጣው በዚያው ነው። ክርኑን ጎናችሁ ላይ ጠበቅ አድርጉና ይዛችሁ አንሱ። መኪናው ከቆመና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን መስኮቱ ጠርዝ ላይ የተጣጠፈ ጋቢ ወይም ሩዝ የያዘ ትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ሌንሱን ብታሳርፉበት ከትራይፖድ የሚተናነስ አይደለም።

ፎከሱ መስታወት ከያዘ መስኮቱን ክፈቱ። የማይከፈት ከሆነ ስልካችሁ ላይ ተራራውን ነክታችሁ ጣታችሁን ለትንሽ አቆዩት፣ ይቆለፋል። ካሜራ ከሆነ ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አስይዙና ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ቀይሩት።

ፊቴ መስታወቱ ላይ አለ

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከውስጥ ብርሃን አለ፣ ምናልባትም ነጭ ሸሚዝ ለብሳችኋል። ሌንሱን መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጉና ዙሪያውን በጠቆረ ሽርጥ ወይም ሻርፕ ጋርዱት። ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ከሆነ ቀለሙም ይበላሻል፣ ቦታ ቀይሩ።

ስለ ቦታ ካነሳን፦ ደንገጎን ጨርሳችሁ ወደ ሐረር ስትታጠፉ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ነው። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀን ላይ በግራ የተቀመጠ ሰው ፀሐይዋ ከጀርባው ሆና የበራውን ገጽ ያያል፣ በቀኝ ያለው ግን ከብርሃኑ ጋር ይፋጠጣል። የግራ ችግሩ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ፎቶው ውስጥ እየገባ ማስቸገሩ ነው። እኔ ግን ግራን እመርጣለሁ። ጋቢና ካገኛችሁ ጥሩ፣ ጠዋት ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣባችኋለች፤ የፊት መስታወቱ አቧራ ያኔ ነው የሚያበራው።

የመብራት ምሰሶው ሁሉ ዘመመ

ምሰሶው ደህና ነው። የስልክ ካሜራ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነብም፣ ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነበው። የላይኛውን አንብቦ ታች እስኪደርስ መኪናው ሄዷል፣ ስለዚህ ምሰሶው ያጋደለ ይመስላል። ሹተር መጨመር ይህን አያድነውም። ራቅ ያለውን አንሱ ወይም መኪናው ሲቀዘቅዝ ጠብቁ።

ወፏ ነጥብ ሆና ቀረች

ይሄ የብዙ ሰው ቅሬታ ነው። ስልኩ "30 ጊዜ ያቀርባል" ይላል፣ ከተወሰነ በኋላ ግን የሚያደርገው ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው። ወፏ ሩቅ ከሆነች ሩቅ ናት። መፍትሄው መቅረብ ነው፣ የሚቀረብበት ዘዴ ግን አለ።

አንደኛው መኪናውን ራሱን መደበቂያ ማድረግ ነው። ወፍ የምትሸሸው ሁለት እግር ያለውን ነው፣ ከቆመ መኪና ብዙም አትሸሽም። ከባቢሌ አለፍ ብሎ ዳካታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበትን ለማየት የሚሄድ ሰው ልክ መኪናው ሲቆም በሩን በኃይል ዘግቶ ይወርዳል፤ ግራሩ ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ያኔ ይነሳሉ። ኮንትራት ይዛችሁ ከሆነ ከሹፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ቀስ ብሎ ይጠጋ፣ ሞተሩን ያጥፋ፣ ማንም አይውረድ። ትንሽ ስትቆዩ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነችው ወፍ ራሷ ወደ መንገዱ ትመጣለች። ድንጋዮቹ የትም አይሄዱም፣ በኋላ ውረዱና አንሷቸው።

ሁለተኛው ሰው የለመደ ወፍ ያለበት መሄድ ነው። ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ጠዋት ሻይ ይዞ መቀመጥ በቂ ነው። ሐረር ሥጋ ተራ ላይ ጭልፊቱ ከእናንተ ራስ በላይ ነው። ሐረማያም አለ፤ ደርቆ የነበረው ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፣ የውሃ ወፎችም አሉበት። እዚያ ግን ቀጥ ብላችሁ ወደ ውሃው አትሂዱ። ሰያፍ እየሄዳችሁ፣ እየቆማችሁ፣ ዓይናችሁን ሌላ ቦታ አድርጋችሁ ተጠጉ። አንገቷን ቀና ካደረገች ቁሙ፣ ወደ መብላቷ ስትመለስ ቀጥሉ።

ባይኖክላር ያለው ሰው ደግሞ የስልኩን ሌንስ ማያው ላይ ገጥሞ ማንሳት ይችላል። እጅ ይጠይቃል፣ ዳሩም ጥቁር ክብ ይሆናል፣ ግን ከስልኩ ዙም በብዙ ይሻላል።

ጭልፊቱ ጥቁር ጥላ ሆነ

ካሜራው ያየው ሰማዩን ነው። ሰማዩ በጣም ብሩህ ስለሆነ ሁሉንም ያጠቁርላችኋል፣ ወፉም አብሮ ይጠቁራል። ካሜራ ላይ የብርሃን ማስተካከያውን (+/−) ወደ +1 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስልክ ላይ ወፉን ስትነኩ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ግፉ። ሰማዩ ሊነጣ ይችላል፣ ይንጣ።

ሥጋ ተራ ላይ ከዚህ የተሻለም መንገድ አለ። ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ከማንሳት ፎቅ ወይም ደረጃ ፈልጎ ከጭልፊቱ እኩል መሆን፤ ያኔ ከኋላው ሰማይ ሳይሆን የቤት ግድግዳ ይገባል፣ የክንፉ ቡኒና የአፉ ቢጫ ይወጣል። ሹተር 1/2000፣ ፎከሱ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚከተለው ላይ፣ በተከታታይ የሚያነሳውን ከፍቶ መጠበቅ። ሥጋ በፌስታል ይዞ የሚወጣውን ሰው እዩ እንጂ ጭልፊቱን አትከተሉ፣ እሱ የሚወርደው ወደ ሰውየው ነው።

ከብት ተከትላ የምትሄደዋ ነጭ ወፍ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጠቆር ያለ ማሳ ላይ ስትሆን ላባዋ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይመስላል። እዚያ ወደ −1 ዝቅ አድርጉ።

ሩቁ ነገር እንደ ውሃ ይርገበገባል

ፎከሱ ልክ ነው፣ ሹተሩ ልክ ነው፣ ግን ጥርት አይልም። ይሄ የድሬ ሙቀት ነው። የጋለው መሬት አየሩን እያሞቀ ወደ ላይ ሲልከው ብርሃኑ መንገድ ላይ ይታጠፋል። ውድ ሌንስ ይህን አያድነውም፣ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድሬ ላይ ሩቅ ነገር አታንሱ። ወፎቹም ያኔ ጥላ ውስጥ ናቸው፣ እናንተም ምሳችሁን ብሉ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለው ብርሃን ሁሉንም ይፈታል።

በዚያው ሙቀት ስልኩ ካሜራውን ከዘጋ ሽፋኑን አውልቁና ጥላ ውስጥ አቆዩት። ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት። ፍሪጅ ውስጥም አትክተቱት፣ ሲወጣ ላብ ይይዘዋል።

ሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ነጠብጣብ አለ

የሰንሰር (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አቧራ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ በኤፍ 16 ባዶ ሰማይ አንሱና አረጋግጡ፣ ከዚያ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አስወግዱ። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አየር አታስነፉት፣ አቦ! ከዚያ ቱቦ ዘይትና እርጥበት ይወጣል። ሌንስ መቀየር ካለባችሁ ከፊራ ገበያ መሃል አትቀይሩ። ስልክ ላይ ከሆነ ምናልባት የጣት አሻራ ነው፣ የመነጽር ጨርቅ ይበቃዋል።

ሰው ተቆጣ

ምክንያቱ አለመጠየቅ ነው። አወዳይ ጫት ተራ ላይ ድንገት ካሜራ ማውጣት አይመከርም፤ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ገንዘብም እየቆጠረ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከተቻለ ትንሽ መግዛት፣ ከዚያ "እናቴ፣ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?" ማለት። እምቢ ካሉ እሺ ብሎ መሄድ ነው። በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል ውስጥም እንዲሁ፣ ከግድግዳው ቀለም ጋር የምትገጥም ሴት ስላለፈች ብቻ አይነሳም። ኬላ፣ ወታደርና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

የሐረሩ ጅብ አረንጓዴ አምፖል ሆነ

የስልኩ ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ከጅቡ ዓይን ኋላ ተንጸባርቆ ቀጥታ ይመለሳል። ፍላሹን አጥፉ። ከጓደኛችሁ አንዱ ባትሪ ከጎን ያብራ፣ ወይም የመኪና መብራት ካለ በዚያ ተጠቀሙ፤ የሚመግበውን ሰውዬ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት። አይኤስኦ 3200፣ ሹተር 1/125 አካባቢ ጀምሩ፣ ጅቡ ሥጋውን ሲይዝ ለአፍታ ይቆማል፣ ያኔ ተጫኑ።