በጃንጎ ቅጽ ላይ የኢትዮጵያን ቀን የሚያረጋግጥ ደንብ እንዴት ይጻፋል?

ጃንጎ (በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ የሚሠራበት ማዕቀፍ) ይዟቸው የሚመጣቸው የማረጋገጫ ደንቦች ለአብዛኛው ቅጽ በቂ ናቸው፤ የልደት ቀን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በሚሞላበት ቅጽ ላይ ግን ትክክለኛውን ይጥላሉ፣ የተሳሳተውንም ያሳልፋሉ። ዴትፊልድ የሚባለው የቀን መስክ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚቆጥር ጥቅምት 30ን አይቀበልም፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜንንም አይቀበልም፤ መስከረም 31 ግን በእኛ አቆጣጠር የሌለ ቀን ሆኖ ሳለ ያልፋል። የልደት ቀኑን በትክክል የጻፈ ሰው ተሳስተሃል ሊባል አይገባውምና የራስን ደንብ መጻፍ ግድ ይላል።

መጀመሪያ መስኩን ከዴትፊልድ ወደ ቻርፊልድ፣ ማለትም ወደ ተራ የጽሑፍ መስክ፣ መለወጥ ያስፈልጋል። ጃንጎ አንድን መስክ ሲመረምር በቅድሚያ የተጻፈውን ወደ ፓይተን ዓይነት ይለውጣል፣ ቀጥሎ መሞላት የሚገባው መስክ ባዶ አለመሆኑን ያያል፣ እኛ የጻፍነውን ደንብ የሚጠራው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ስለዚህ መስኩ ዴትፊልድ ሆኖ ከቀረ ጳጉሜን ገና በመጀመሪያው እርምጃ ስለሚወድቅ ደንባችን ጨርሶ አይጠራም።

ደንቡ ራሱ የተጻፈውን ዋጋ የሚቀበል ተራ ፈንክሽን ነው፤ ዋጋው ትክክል ከሆነ ዝም ይላል፣ ካልሆነ ቫሊዴሽንኤረር የሚባለውን የጃንጎ ስህተት ያስነሳል። ፈንክሽኑ ጽሑፉን በእዝባር (/) ከፍሎ ቀን፣ ወርና ዓመት ያወጣል፤ ሦስት ክፍል ካላገኘ ወይም አንዱ ክፍል ቁጥር ካልሆነ እዚያው ያቆማል። ቁጥርነቱን ለማጣራት ከፓይተን መፈተሻዎች ኢዝዲጂትን ሳይሆን ኢዝዴሲማልን መጠቀም ይገባል፤ ኢዝዲጂት እንደ ፭ ያለውን የግዕዝ አኃዝ ያሳልፈዋል፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኢንት ግን ሊለውጠው ስለማይችል ተጠቃሚው በመልእክት ፈንታ የሰርቨር ስህተት ይገጥመዋል። ከዚያ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑም ከ1 እስከ 30 መሆኑ ይታያል። ወሩ 13 ሲሆን የቀኑ ጣሪያ 5 ነው፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ 6 ይሆናል። በዚህ ስሌት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ያልፋል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ይወድቃል፤ ሁለቱንም ከጥቅምት 30 እና ከመስከረም 31 ጋር በሙከራ ኮዱ ውስጥ ማስገባት ይበጃል።

የስህተት መልእክቱ ላይ መድከም ተገቢ ነው። «ቀኑ ልክ አይደለም» ከማለት ይልቅ «በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበራት» ቢባል ቅጹን የሚሞላው ሰው ምን እንደሚያርም ወዲያው ያውቃል። ለእያንዳንዱ የስህተት ዓይነት የራሱን መለያ ኮድ መስጠትም ሙከራው በመልእክቱ ቃላት ላይ እንዳይንጠለጠል ያደርጋል።

ፈንክሽኑ የሚያያዘው በመስኩ ቫሊዴተርስ ዝርዝር ውስጥ ነው። ጃንጎ ለባዶ ዋጋ ደንቡን ስለማይጠራ የግዴታነትን ጉዳይ ሪኳየርድ ለሚባለው የመስኩ ቅንብር መተው ይሻላል። ሁለት መስኮችን የሚያነጻጽር ደንብ፣ ለምሳሌ መነሻ ቀን ከማብቂያ ቀን እንዳይበልጥ የሚያግድ፣ ክሊን በሚባለው የቅጹ ሜተድ (የቅጹ ፈንክሽን) ውስጥ ይጻፋል፤ እዚያም አስቀድሞ የወደቀ መስክ ያለፉት ዋጋዎች በሚቀመጡበት ክሊንድዳታ ውስጥ ስለማይገኝ ዋጋውን ባይኖርም ስህተት በማያስነሳው ጌት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደንቡን በሞዴሉ (የመረጃ ቋቱን ሠንጠረዥ በሚወክለው ክላስ) መስክ ላይ ማሰር የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከሞዴሉ የሚሠራው ቅጽ፣ ሞዴልፎርም፣ ሳይደገም ይወርሰዋል። ሆኖም መረጃውን የሚያስቀምጠው የሞዴሉ ሴቭ ደንቦችን በራሱ አይፈትሽምና፣ መረጃን ከፋይል በጅምላ የሚያስገባ ኮድ ከሴቭ በፊት ደንቦቹን የሚፈትሸውን ፉልክሊንን መጥራት አለበት።