እጠፉት እንጂ አታጥፉት

ረጅም ነገር ስጽፍ በአንቀጽ አልጀምርም፤ አውትላይነር የተባለ የጽሑፍ ማደራጃ ፕሮግራም እከፍታለሁ። እያንዳንዱ ሐሳብ አንድ መስመር ይይዛል፣ ዝርዝሩ ከሥሩ ገባ ብሎ ይሰለፋል፣ ሲፈለግ ይታጠፋል፤ ማለትም ዝርዝሩ ተደብቆ የላይኛው መስመር ብቻ ይታያል።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ዘርግፉ። ቅደም ተከተል አያስጨንቃችሁ። የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኤንኤልኤስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ለታዳሚ ሲያሳይ የአስቤዛ ዝርዝር ነበር የተጠቀመው፤ ዝብርቅርቁን መዝግቦ በየዓይነቱ መደበው።

ቀጥሎ ሰብስቡ። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ታብ መስመሩን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ሺፍትና ታብ ያወጣዋል። አንዱን መስመር ከቦታው ስታነሱ በሥሩ ያለው ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል፤ ቆርጦ መለጠፍ ላይ ግን ሁሌ አንድ አንቀጽ ይረሳል።

አሁን እጠፉት። ባለፈው የሥልጠና መመሪያ ሳዘጋጅ 40 ገደማ መስመር ነበረኝ። ሳጥፈው አምስት ርዕስ ቀረ፤ የመጨረሻው «ሌሎች» ይላል። ብከፍተው 17 መስመር ታጭቆበታል! «ሌሎች» ማለት ሳላስብበት ያለፍኩት ማለት ነው። ርዕሶቹን ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀየርኳቸው፤ «ችግሮች» የሚለው «ሠልጣኞች ፋይሉን የት እንዳስቀመጡት ይረሳሉ» ሆነ። ያኔ ነው ከ«ሌሎች» ሥር ግማሹ ይህንኑ እንደሚደግም የታየኝ። የተረፈውን አልሰረዝኩም፣ ታች አጥፌ አስቀመጥኩት።

ይህን አሠራር ለግል ኮምፒውተር ካበቁት አንዱ የሶፍትዌር ባለሙያው ዴቭ ዋይነር ነው፤ ፕሮግራሞቹም፦ በ1983 እ.ኤ.አ. ቲንክታንክ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ሞር። ሞር የታጠፈውን ዝርዝር ወደ ስላይድ ይቀይር ነበር። የዛሬ ስላይዶች ነጥቡን ይዘው ማጠፉን የተዉት ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው የሚያሰለቹት።

አዲስ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። ዎርድ ውስጥ ቪው ከሚለው አውትላይንን ምረጡ። አልትና ሺፍትን ይዛችሁ የላይና የታች ቀስት ስትነኩ መስመሩ ይንቀሳቀሳል፤ በግራና በቀኝ ቀስት ደረጃው ይቀየራል፤ ሁለቱን እንደያዛችሁ 1 ስትነኩ ዋና ርዕሶች ብቻ ይቀራሉ። ሌላ ፕሮግራም ከመረጣችሁ ዝርዝሩን ኦፒኤምኤል በተባለ የፋይል ዓይነት ማውጣት መቻሉን አስቀድማችሁ እዩ። ይህም የዋይነር ሥራ ነው፤ የፖድካስት መተግበሪያ ስትቀይሩ የተከታተላችኋቸውን ዝርዝር የሚያሻግርላችሁ ፋይል ብዙውን ጊዜ እሱው ነው።