ክሩዝ ከመምረጣችሁ በፊት አንዴ አካፍሉ

ውጭ ያሉ ልጆቻችሁ በክሩዝ (በባሕር ላይ የመዝናኛ ጉዞ) መርከብ ሊወስዷችሁ ካሰቡ፣ አሮጌና ትንሽ መርከብ ትጠባለች፣ አዲስና ግዙፍ ትሰፋለች ብላችሁ አትቸኩሉ። የመርከቧን ጠቅላላ ቶኔጅ ለተሳፋሪዋ ቁጥር አካፍሉት። ይሄ ቶኔጅ ክብደት አይደለም፣ የሚለካው የውስጧን ይዘት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ምን ያህል ቦታ እንደሚደርሰው ይነግራችኋል።

እኔ እዚህ አያት ሰፈር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ሞከርኩት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ 248,663 ቶኔጅ አላት፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ሲያዝ 5,610 ሰው ትይዛለች፦ 44። እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራችው አዛማራ ጆርኒ ደግሞ 30,277 ለ700 ገደማ ሰው፦ 43። እኩል በሉት! ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋና በየክፍሉ ልጆች ሲጨመሩ ግዙፏ እስከ 7,600 ሰው ድረስ ስለምትጭን ቁጥሯ ወደ 33 ይወርዳል።

ትንሿ ልክ እንደ ሰፈራችን ባጃጅ ነች፣ አውቶብስ የማይደፍረው ጠባብ ወደብ ድረስ ትገባለች።

ማዕበል የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ግን ይሄን ስሌት ተዉት፤ ትልቋ ብዙም አትናወጥም፣ እሷን ያዙ።