ልጁ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ፦ ለአስታማሚዎች

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ቤቴ ኮቺ ነው። የእህቴ ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ሲወለድ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ከአጋሮም ከዴዶም ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚመጡ ዘመዶች ይደውሉልኛል። «ምን ይዘን እንምጣ?» ይላሉ። የምነግራቸውን ልጻፈው።

ሕፃኑን የሚይዙት ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። ቤተሰብ የሚይዘው እናትየዋን ነው። እሷ በልታ፣ ተኝታ፣ ወተቷን አልባ ከልጇ ሳትለይ እንድትቆይ ካደረጋችሁ ትልቁን ሥራ ሠራችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፣ መጥባትና መዋጥ ይከብደዋል፣ ኢንፌክሽን ቶሎ ይይዘዋል። ስትገቡ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን፣ አፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ታያላችሁ። አትደንግጡ። ቱቦው ወተት የሚሰጥበት ነው። ማሽን ከጮኸ ምንም ሳትነኩ ነርሷን ጥሩ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ግን አትግቡ፤ ቀለበትና ሰዓትም ይውለቅ።

አሁን ወደ ወተቱ። ልጁ መጥባት ባይችልም እናትየዋ ከወለደች በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለብ ትጀምር። ከዚያ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በቀን 8 ጊዜ ያህል። አውራ ጣትና ሌባ ጣቷን ከጡቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አራርቃ ታስቀምጥ። መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። የመጀመሪያው ቢጫ እንገር ጠብታ ብቻ ቢሆንም በሲሪንጅ ይሰብሰብ፤ ለዚያች ትንሽ ሆድ ጠብታውም ምግብ ነው። «ወተት የላትም» የሚል ዘመድ ካለ እባካችሁ ከክፍሉ አስወጡት። ጭንቀት ወተቱን ያስቀራል። ስኳር ውሃም ሆነ ቅቤ ለልጁ አይሰጥም። የታለበው ወተት ማቀዝቀዣ ከሌለ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። እናንተ አጥሚትና ሾርባ በፔርሙዝ አመላልሱ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ካንጋሮ ነው፤ ልጁን ገላ ለገላ ደረት ላይ አስሮ ማሞቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከተወለደ ጀምሮ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በእናቱ ጡቶች መሀል ቀጥ ተደርጎ ይቀመጣል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋ፤ አየር የሚገባው እንደዚያ ሲሆን ነው። ከዚያ ጠበቅ አድርጎ በነጠላ ማሰር፣ ጋቢ ከላይ ደረብ ማድረግ። እናትየዋ ስትተኛ ጀርባዋን በትራስ ከፍ አድርጉላት።

አባትም፣ አያትም፣ አክስትም ይችላሉ። የእህቴ ባል መጀመሪያ «የሴት ሥራ ነው» ብሎ ነበር። ነርሷ ሸሚዙን አስፈታችውና ልጁን ደረቱ ላይ አሰረችለት። ላብ በላብ ሆነ፣ መተንፈስ ፈራ። እህቴ ግን በዚያ መሀል ታጠበች፣ በላች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ራሱ ቀድሞ እጁን ታጥቦ ቆሞ አገኘሁት።

አንድ ደብተር ያዙ። ክብደቱን፣ የወሰደውን ወተት፣ የተሰጠውን መድኃኒት ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪሎው ቢቀንስ የተለመደ ነው። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ልጆቹን እየዞሩ ሲያዩ ማለት ነው፣ ያልገባችሁን ጠይቁ። አጠገባችሁ አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር እናት ካለች አስተርጉሙላት። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው።

ቤት ስትገቡ ካንጋሮው ይቀጥላል። ቤቱን ለማሞቅ ብላችሁ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ ይገድላል። ጅማ ላይ ቡና ሳይፈላ አይዋልም፤ እሱም ዕጣኑም ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን። ጠያቂ ከበር ይመርቅ፣ ልጁን አይሳም። እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባ። ኦክስጅን ላይ የቆየ ትንሽ ልጅ የዓይን ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ጡት እምቢ ካለ፣ ከቀሰቀሱት በቀር ካልተንቀሳቀሰ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ። የምታውቁትን የባጃጅ ሹፌር ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። መንገድ ላይም ልጁ ደረት ላይ እንደታሰረ ይሂድ።