ይሄ አሮጌ የሌንስ መሣሪያ ምን ለማየት ተሠራ?

ከአንድ የቆየ ሳጥን ውስጥ ሌንስ ያለው የነሐስ ዕቃ ወጣ እንበል። ስም የለውም፣ መመሪያም የለውም። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ መወልወል ወይም ብሎን መፍታት ይጀምራል። እባካችሁ አትንኩት። የደበዘዘው ቁጥር፣ የተፋቀው ፊደል፣ አንድ ነገር ተነቅሎበት የቀረው ባዶ ቀዳዳ ሁሉም ማስረጃ ነው። አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ስሙን ከመፈለጋችን በፊት ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚለካ እንወቅ።

መጀመሪያ ግን ሁለት ጥንቃቄ። በምንም ተአምር ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አትዩበት፤ ዓይን ያጠፋል። ሌላው፣ ቁጥሮቹ ወይም መርፌው ላይ ወደ ቡኒ ያደላ ወፍራም ቀለም ካለ አትፋቁት። ጨለማ ውስጥ እንዲያበራ የተቀባ ራዲየም፣ ማለትም ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር፣ ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ቢያቆምም ራዲየሙ እዚያው አለ፤ ግማሹ ለመጥፋት እንኳ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ምልክት፦ ምስሉ ተገልብጦ ይታያል

አልተበላሸም። ምስሉን ለማቅናት ተጨማሪ ሌንስ ወይም ፕሪዝም ያስፈልጋል። ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን ያልተቀባ ሌንስ ደግሞ በእያንዳንዱ ፊቱ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ያባክናል፤ ስለዚህ ማቅኛውን መተው ብርሃን ያተርፋል። ኮከብ ለሚያይ ሰው መገልበጡ ምንም አይደለም፤ የድሮ ቀያሾችም ለምደውት ነበር። የኮከብ ማያውን ከቀያሹ መሣሪያ ለመለየት ውስጡ የመስቀል መስመር እንዳለ እዩ። ከመሃለኛው አግድም መስመር በላይና በታች ሁለት አጫጭር መስመሮች ካሉ የቀያሽ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ቀያሹ ከሩቅ በሚያስቆመው ባለ ቁጥር ዘንግ ላይ በሁለቱ አጫጭር መስመሮች መካከል የሚነበበው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሲባዛ ርቀቱን ይሰጣል። ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበሉን የሚለካ ባለ ዲግሪ ክብ ካለው ቴዎዶላይት፣ ማለትም የቀያሽ ማዕዘን መለኪያ፣ ነው። ውሃ ልክ ኖሮት ያ ክብ ከሌለው ሌቭል፣ ማለትም የከፍታ ልዩነት መለኪያ፣ ይሆናል።

ምልክት፦ ጭጋግ ወይም ጨለማ እንጂ ምንም አይታይም

ብዙ ደህና መሣሪያ «አይሠራም» ተብሎ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሩቅ እንዲያይ አለመሠራቱን ነው። ጥሩ ብርሃን ባለበት ጥፍራችሁን የፊት ሌንሱ ሥር አድርጉና ቀስ እያላችሁ አርቁት። የጥፍሩ ሸንተረር ድንገት ጥርት ብሎ ከታየ ማይክሮስኮፕ ወይም የማይክሮስኮፕ ቁራጭ ይዛችኋል። የሌንሱ የብሎን ጥርስ ከዳር እስከ ዳር 20 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ግምቱ ይጠነክራል፤ የተለመደው ልክ 20.32 ነው።

ጫፉ ላይ ከሌንስ ይልቅ ቀጭን ስንጥቅ ካለስ? አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ከመዳፍ የማይበልጥ ቱቦ እጄ ገባ። ግድግዳ ላይ ባነጣጥረው፣ ዛፍ ላይ ባነጣጥረው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነበር። ወደ አምፖል ሳዞረው ቀስተ ደመና ተዘረጋ። ከፀሐይ ርቄ ወደ ጠራው ሰማይ አዞርኩትና ስንጥቁን አጠበብኩት። ቀለሞቹን የሚያቋርጡ ፀጉር የመሰሉ ጥቁር መስመሮች ብቅ አሉ። ጀርመናዊው ሌንስ ሠሪ ፍራውንሆፈር ከ1814 ጀምሮ አንድ በአንድ የመዘገባቸው መስመሮች ናቸው። ያን ቀን ከዓይኔ ላይ ማውረድ አቃተኝ። ቱቦው ስፔክትሮስኮፕ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚበትን መሣሪያ፣ ነበር።

ሌላው የሚያሳስት ፖላሪሜትር ነው። ቴሌስኮፕ ይመስላል፤ ግን መሃሉ ላይ የሚከፈት ክዳን አለው፣ ከክዳኑ ሥር የመስታወት ቱቦ ይተኛል። ሲያዩበት ክቡ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ጎን ይበራል፣ አንዱ ይጨልማል፤ ሲያዞሩት ይቀያየራሉ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ስኳር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዞር ይለካበት ነበር። ዓይን ማስጠጊያው ጋ ቁጥሮች፣ ከፊት ደግሞ ጠብታ የሚያርፍበት ገደድ ያለ መስታወት ካለ ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም ፈሳሽ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ መለኪያ፣ ነው። አንድ ጠብታ ስኳር ያለው ውሃ ጣል አድርጉበት፤ የብርሃንና የጥላው ድንበር ቁጥሩ ላይ ይቆማል።

ምልክት፦ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል

ሁለት መስኮት በግራና በቀኝ ጫፍ፣ ማያው መሃል ላይ ከሆነ ርቀት መለኪያ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ማዞሪያውን ስታዞሩ ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ፣ ርቀቱም ይነበባል። ተራ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ከሆነ ግን ወድቆ ፕሪዝሙ ከቦታው ተንቀሳቅሷል፤ ለሙያተኛ ስጡት።

ምልክት፦ ቁጥሮቹ ግራ ያጋባሉ

ሙሉው ክብ 360 ሳይሆን 400 ከተከፈለ አሁንም የቀያሽ ነው። 6000 ወይም 6400 ከሆነ ሚል የሚባለው የመድፈኞች የማዕዘን መለኪያ ነው። የክብ ስድስተኛ የሚያህል ቅስት ላይ እስከ 120 ዲግሪ ከተጻፈ ስህተት እንዳይመስላችሁ። ሴክስታንት፣ ማለትም መርከበኞች የፀሐይንና የኮከብን ከፍታ የሚለኩበት፣ ነው፤ መስታወቱ በአንድ ዲግሪ ሲዞር ብርሃኑ በሁለት ስለሚዞር ቁጥሩ በእጥፍ ይጻፋል።

ምልክት፦ ምንም ጽሑፍ የለውም

ሌንሱን ወደ መብራት አዘንብሉት። ነጸብራቁ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ሽፋን ተቀብቷል። የጀርመኑ ሌንስ አምራች ዛይስ ይህን ዘዴ ያወጣው በ1935 ስለሆነ፣ ሽፋኑ በኋላ ካልተጨመረ ዕቃው ከዚያ አይቀድምም።

ሩቅ የሚያይ ከሆነ ወደ ደማቅ ግድግዳ አዙሩና ማያውን ከዓይናችሁ 30 ሳንቲሜትር አርቁ። ማያው ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ትታያለች። በማስመሪያ ለኳት። የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር፣ ክቧ 5 ከሆነች 10 ጊዜ ያቀርባል። ይህን ቁጥር፣ የጥርሶቹን ልክ፣ የባዶ ቀዳዳዎቹንም ፎቶ ይዛችሁ ሙያተኛ ጋ ሂዱ።